ሽኮኮ የደገሰው ሠርግ

ተረት አለኝ፤ «አምጣው» በሉኝ።

ሽኮኮ ይሉኝታ የሚያጠቃው ነበር። ልጁን ሲድር ከጃርት አምስት ቁና ማሽላ ወሰደ፤ የሚመልሰው አሥር ነው።

«አያ ሽኮኮ፣ ባለህ ልክ ደግስ» አለው ቁጥቡ ፍልፈል።

«ጎረቤት ምን ይለኛል?»

እንግዳው በልቶ፣ መርቆ ሄደ። ቀኑ ሲደርስ ጃርት መጣ፤ ሽኮኮም ለዘር ያስቀመጠውን እህል ሁሉ ሰፍሮ ሰጠው።

የዘር ወቅት ሆነና መንደሩ እርሻ ወጣ። ሽኮኮ ቤት መቅረት አፈረ፤ ባዶ አቁማዳ አንግቶ፣ ዘር የሚበትን መስሎ እጁን እያወናጨፈ በትልሙ ላይ ሄደ።

«ዘርህን ይባርከው!» አሉት ጎረቤቶቹ።

«አሜን» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ከኋላው ፍሬ ልትለቅም የተከተለችው ጅግራ ግን ጮክ ብላ ጠየቀችው፦ «አያ ሽኮኮ፣ ዘንድሮ ምን እየዘራህ ነው? እስከ ድንበሩ ተከተልኩህ፤ አንዲት ፍሬ እንኳ አጣሁ!»

መንደሩ ሁሉ ዞረ። ሽኮኮ እጁን እንደዘረጋ ቀረ።