የሩቅያ ጣሳ በኪሎ ሲመነዘር

ስሟን ብንጠራ «ሰውዬው አያታችን ነው» ባይ ስለሚበዛ፣ ከተማዪቱ ሳትጠራ ትለፍ። በዚያች ጥንታዊ ከተማ ሐጂ ሙዘሚል የሚባሉ እህል ነጋዴ ነበሩ። የሰው ሐቅ ፈርተው አንዲት ፍሬ ምስር የጎደለች እንደሆነ ይጨምራሉ፤ አንዲት ፍሬ ከበለጠችም ያነሳሉ። ይህን የሚነቅፍ አልነበረም። የሚወድም ብዙ አልነበረም።

ባለቤታቸው ሩቅያ አርባ ረመዳን በመስጊዱ ግቢ ለድሆች ማፍጠሪያ የአጃ ሾርባ ስትሠራ ኖራ፣ ረመዳን ሊገባ ሲል በሻዕባን ወር ወደ አኼራ ሄደች። የምትሰፍረው ጠርዟ በተጣመመ አንዲት ጣሳ ነበር። ሐጂ ድስቱ በስሟ ሶደቃ ሆኖ እንዲቀጥል በልባቸው ነየቱ። ጣሳዋን ሱቅ ወስደው አጃ ሞሉባት፤ አፏን በእንጨት ልክክ አድርገው ጠረጉና መዘኑ። ግማሽ ኪሎ ሆነች። ለአንድ ድስት የሚገባው አሥራ አራት ጣሳ፣ ሰባት ኪሎ። ጨዉንም፣ ሽንኩርቱንም፣ ዘይቱንም እንዲሁ መዝነው ጻፉና ወረቀቱን የሩቅያ ረዳት ለነበረችው ለዘምዘም ሰጡ።

ዘምዘም ወረቀቱን ገልበጥ አድርጋ አየችው። «እትዬ ይህን ሁሉ እንደምታውቅ ብታውቅ ኖሮ መድረሳ ታስተምር ነበር» አለች።

«አማና ነው፣ ልጄ፤ አደራ። ከዚህ እንዳታጎድዪ፤ እንዳታልፊም።»

በጾሙ የመጀመሪያ ቀን የመግሪብ አዛን ተባለ፤ ተምር ተቀመሰ፤ ሾርባው ታደለ። ቅጥን ብሏል። ሁሉም ጠጣ። እንደ ልማዱ ዘግይቶ፣ ከወንዝ ማዶ የሚመጣው ዓይነ ስውሩ ያሲን መሬቱን በዱላው እየዳሰሰ ደረሰና ሳህኑን ዘረጋ። ዘምዘም ድስቱን ቧጠጠች። የወጣው የጭልፋው ድምፅ ብቻ ነበር።

ያሲን ድምፁን አዳመጠ። «ዛሬ ሩቅያ የለችም እንዴ?»

መሞቷን የነገረው ሰው አልነበረም።

ሐጂ ዘምዘምን ጠጋ ብለው «እንደ ጻፍሁት አልሰፈርሽም?» አሏት።

«አንዲት ፍሬ ሳልቀንስ።»

«ታዲያ ምን ጎደለ?»

«እትዬ ጣሳዋን መች ትጠርግና፣ ሐጂ። ቆልላ ነው የምትሰፍረው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ‹ይቺ ለያሲን› ብላ በሁለት እጇ ታፍስ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳታልፊ ብለውኝ አልነበር?» አለችና አንገቷን ደፋች። «እርስዎም ከዚያው እጅ አርባ ዓመት ሲበሉ አንድ ቀን አልጠየቋት።»

ከሰጋጁ ጀማዓ አንድ ሽማግሌ ከሐፍረት ሊያድኗቸው ፈልገው «ሚዛንዎ አርጅቶ ይሆናል፣ ሐጂ» አሉ። እሺ ማለት ቀላል ነበር። ሐጂ ግን ገና ያልጠጡትን የራሳቸውን ሳህን በያሲን እጅ ላይ አኖሩ፤ አጠገቡም መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ሩቅያ አርፋለች» አሉት። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ። «ሚዛኑ ልክ ነው። የጎደልሁት እኔ ነኝ።»

ጀማዓው ይህን ቃል በጥሞና ሰማና፣ አዋጥቶ ለመስጊዱ አዲስ ሚዛን ገዛ።

ሐጂ እስከ ዕለተ ሞታቸው ያቺን ጣሳ ዳግመኛ አልጠረጉም። ከወረቀቱም ግርጌ «ከዚህ በኋላ፣ ሁለት እጅ ለያሲን» ብለው ጻፉ፤ ግራሙን አልጻፉም። እኛም ስለ አሰፋፈር ዕውቀት የለንምና ብዙ አንናገርም። ይህችን ብቻ እንላለን፦ የሚያበላንን ሰው ስንት እንደሚሰፍር ብቻ ሳይሆን ለማን እንደሚቆልልም እንጠይቀው። ሐጂ ሲጠይቁ የመለሰችላቸው ዘምዘም ናት። ሩቅያ ብትመልስላቸው ይሻል ነበር።