በዘበኛው ስም የተገዛው እንክብል

የሆቴል ባለቤቱ አቶ ጓንጉል ሁለት ሚስቶቻቸውን «መካን ናቸው» ብለው ፈትተዋል። አሁን ደግሞ ሦስተኛዋን፣ ወይዘሮ የሻረግን፣ በዚያው ሰበብ ለመፍታት ሽማግሌ ሰብስበዋል። እሳቸውማ ምን ጉድለት ይገኝባቸዋል፤ የወንድ ዘር ያጠነክራል የተባለውን አንቲኦክሲዳንት እንክብል ስድስት ወር ሙሉ ጠዋትና ማታ የዋጡት እንዲያው ለጨዋታ ነው። ፋርማሲ ገብቶ መታየት ለክብራቸው ስለማይመጥን የሚገዛላቸው የግቢያቸው ዘበኛ ነበር፤ ያውም በራሱ ስም። የሰፈሩ ሰው የሰባት ልጆች አባት የሆነውን ዘበኛ «ምነው፣ ሰባቱ አልበቁህም?» እያለ ሲስቅበት ከርሟል።

ፍቺው ሊያልቅ ሲል አንደኛው ሽማግሌ ከተቀመጡበት ሶፋ ትራስ ሥር የሚቆረቁር ነገር ተሰማቸው። ሲያወጡት የእንክብል ብልቃጥ ነው።

«ይሄ ወንዶች ልጅ እንዲወልዱ የሚውጡት አይደለም እንዴ? የማን ነው?» አሉ።

አቶ ጓንጉል ሳቁ። «የዘበኛዬ ነዋ። ስሙ ተጽፎበታል፣ ያንብቡት።» ዘበኛውንም አስጠርተው በዓይናቸው እያስፈራሩ፣ «ያንተ አይደለም እንዴ? ንገራቸው» አሉት።

ዘበኛው ሥራውን አሰበ። በሩ ሥር የተቀመጠውን የወይዘሮ የሻረግን ሻንጣም አየ።

«በስሜማ ነው የተገዛው፣ ጋሼ» አለ እጅ ነስቶ። «እርስዎ ስድስት ወር ዋጡት፤ የኔ ሚስት ስምንተኛውን አረገዘች። ይሄ መድኃኒት የሚሠራው ለዋጠው ሳይሆን ስሙ ለተጻፈበት ነው መሰለኝ። እትዬን ከመሸኘትዎ በፊት፣ እስቲ አንድ ጊዜ በራስዎ ስም ያስገዙት።»