መብራት ጠፍቶ የተሠራው መብራት

ሚሌ፣ ስማኝ። እንዳታቋርጠኝ። ለካ ቮይስ ነው፣ ማቋረጥም አትችልም፤ ጥሩ። እትዬ አልጋነሽ ጎንህ ካሉ ድምፁን ከፍ አድርግላቸው፣ የአባዬ ታላቅ እህት ስለሆኑ እሳቸው ናቸው የሚፈርዱት። አባዬ ራሱ ነው ያለው። «እኔ በልጆቼ መሀል አልፈርድም፣ እትዬ አልጋነሽ ትፍረድ» ብሎ ጥሎብን ወጣ። እኔ ደሜ ፈልቷል። ግን እንደ ተረት አድርጌ ነው የምነግራችሁ፤ በንዴት ካወራሁት ለራሱ አዳላ ትላላችሁ።

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ አይደለም፣ በቅርቡ፣ እዚሁ ሞጆ፣ አንድ አባት ነበር። የከረንቦላ ቤት ነበረው። ቤቱ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው በላይ አንድ ረጅም ፍሎረሰንት። ሦስት ልጆችም ነበሩት። ትልቁ ደረሰ፣ ባጃጅ ይነዳል። መካከለኛዋ ውብአንቺ፣ እዚያው ቤት ጥግ ላይ ሻይ ታፈላለች። ትንሹ ናሁሰናይ፣ ኳስ ያቀብላል፣ ነጥብ ይቆጥራል። ያው ናሁ እኔ ነኝ፤ ግን ተረት ነው፣ እለፉት።

አባትየው ጉልበቱ ደከመ። ቤቱን ለአንዱ አስረክቦ ማረፍ ፈለገ። ለሦስት እንዳያካፍለው ደግሞ አይሆንም። ደረሰ ጠረጴዛውን አውጥቶ የእግር ኳስ ማሳያ ሊያደርገው ነው። ውቤ ጠረጴዛውን አውጥታ ቁርስ ቤት ልታደርገው ነው። እኔ ጠረጴዛው ከቦታው አይነቃነቅም ባይ ነኝ። እነ ጋሽ ጥላዬ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የሚውሉት እዚህ ነው፣ ሌላ የት ይሂዱ? እና ነገሩ ይሄ ነው፦ ቁልፉን እነሱ ከያዙት ጠረጴዛው ይወጣል፣ እኔ ከያዝኩት ይቀራል። አለቀ።

ታዲያ በዚህ መሀል ፍሎረሰንቱ መርገብገብ ጀመረ። ብልጭ፣ ድርግም። ጫፉ ላይ ይቀላል፣ ዝዝዝ ይላል፣ በራ ስትል ይጠፋል። ከረንቦላ ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ኳሷን በእጅህ ታንከባልላታለህ፣ ሌላዋን ነክታ መሀል የቆሙትን ትንንሽ እንጨቶች ስትጥል ነው ነጥብ የሚያዝልህ። ነካች አልነካችም የሚለውን ዓይን ነው የሚፈርደው። ልክ ድርግም ባለበት ቅጽበት ኳሷ ካለፈች፣ በቃ፣ ጦርነት ነው።

«ነካች!»

«የት ነክታ? ጨለማ ውስጥ ነው ያየሃት?»

«አንተስ አለመንካቷን በምን አየህ፣ በባትሪ?»

ጋሽ ጥላዬ ደግሞ ከሁሉም ባሱ። «ይሄ መብራት እኔ ስጫወት ብቻ ነው የሚጠቅሰው። ለማነው የሚጠቅሰው?» እያሉ ማንን ያያሉ? እኔን! ነጥብ ቆጣሪው እኔ ነኛ! ሰው አንድ በአንድ መቅረት ጀመረ።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ጎረቤታችን ከድር ነው፣ ብየዳ ቤት ያለው። የሱ ማሽን ነው ኃይሉን የሚስበው ተባለ። ከድር ማሽኑን ነቅሎ መጣና በራችን ላይ እጁን አጣጥፎ ቆመ። መብራቱ መርገብገቡን ቀጠለ። «አያችሁ?» አለን። «ሰይጣናችሁ ከገዛ ቤታችሁ ነው።» ትቶን ሄደ። ምን ትለዋለህ፣ እውነቱን ነው።

አባትየው ልጆቹን ሰበሰበ። «ይቺን መብራት ያዳነ ቁልፉን ይወስዳል። አንድ መብራት ማዳን ያቃተው፣ ቤት አያድንም» አለ።

ከዚያ በኋላ ሚሌ፣ እርስ በርስ መተያየት ሆነ። እኔ መሰላሉ ጋ ከቀረብኩ ደረሰ ይከተለኛል። ደረሰ ቀና ብሎ ጣሪያ ካየ ውቤ ሻዩን ትታ ታየዋለች። አንድ ቀን ፈነዳሁ።

«አንተ ነህ! የቴሌቪዥን መስቀያህን ለመለካት ያንን ብረት ስታስገባ የገጨኸው!» አልኩት።

«እኔ? የበዓል ጌጡን መብራቱ ሽቦ ላይ ያሰረው ማነው፣ ከድር ነው?»

«ሁለታችሁም አትጩሁ፣ ሰው አለ» አለች ውቤ።

«አንቺ ደግሞ ዝም በይ» አላት ደረሰ፣ «የማንቆርቆሪያሽ እንፋሎት ጣሪያውን አርሶታል። በጋ ነው እዚህ ግን ዝናብ ያንጠባጥባል!»

«ታዲያ ሻዬን አትጠጣዋ!»

እንግዲህ ስሙ። ሐሙስ ዕለት አንድ የእድራችን አባት አርፈው ለቅሶ ነበር። ቤቱ ተዘጋ፣ ሁላችንም ድንኳን ገባን። በዚያ ላይ መብራት ሄደ፤ የእኛ ቤት ብቻ አይደለም፣ የሰፈሩ በሙሉ። ጠዋት ሄዶ ቀኑን ሙሉ ሳይመጣ ዋለ። ይቺን ያዟት፣ ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ትልቁ ልጅ ቀድሞ ተነሳ። «ወንበር ላምጣ» ብሎ ከድንኳኑ ወጣ። ባጃጁን አስነስቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ሄደ፣ ያቺን ድፍን ክብ ስታርተር፣ መብራቱን የምታስነሳዋን፣ አዲሷን ይዞ መጣ። መሰላል ላይ ወጣ፣ አሮጌዋን ጠምዝዞ አወጣ፣ አዲሷን ጠምዝዞ አስገባ። አሮጌዋን ምን አደረጋት? ቦይ ውስጥ ወረወራት! «ማንም እንዳያውቅብኝ ብዬ ነው» ይላል። ከዚያ ሁለት ወንበር ተሸክሞ ድንኳኑ ገባ፣ ተመረቀም።

መካከለኛዋ ቀጥላ ተነሳች። «ብርጭቆ ጎድሏል፣ ከቤት ላምጣ» ብላ ወጣች። መሰላል ላይ ወጣች፣ በቀሚስ። ቱቦውን እንዳለ አወረደችው። ጫፉና ጫፉ ላይ ያሉት ትንንሽ እግሮች አረንጓዴ ዝገት ለብሰው አገኘቻቸው። በአልኮል ጠረገች፣ በጥፍር ሞረድ ፈገፈገች፣ መልሳ ቀጭ አድርጋ ገጠመችው። የጠረገችበትን ጥጥ ምድጃዋ ውስጥ አቃጠለችው። እሷም እንደዚያው፣ «እንዳይታወቅብኝ» ነው የምትለው። ብርጭቆዋን ይዛ ገባች፣ እሷም ተመረቀች።

ትንሹ መጨረሻ ተነሳ። «ሽንት ቤት» ብሎ ወጣ፣ እሱን ማንም አልመረቀውም። ገና በሩን ሲከፍት መሰላሉ ከወትሮው ጥግ ተነስቶ አየው። ጠረጠረ። ግን ማንን ይጠይቅ? ቢጠይቅ «አንተስ ምን ልትሠራ መጣህ?» ሊባል ነው። መሰላሉ ላይ ወጣና ጣሪያው ስር ሽቦዎቹ የተቋጠሩበትን ቦታ አገኘ፣ በፌስታል ተጠቅልሏል። ፌስታሉን ሲፈታው አንደኛው ሽቦ ላልቶ ለይስሙላ ነው የነካው። አጥብቆ ጠመዘዘው፣ በናስትሮ ጠቀለለው። ፌስታሉን? ሽንት ቤት ጣለው። አዎ፣ እኔም! ከነሱ ምን የተለየ ነኝ?

ልብ በሉ፣ መብራት የለም። ሦስታችንም ማብሪያውን ተጭነን «ሠራ፣ አልሠራ» ማለት አልቻልንም። ሠርተን፣ ቆልፈን፣ ፊታችንን አጨማድደን ለቅሶ ተቀመጥን።

አመሻሽ ላይ መብራት መጣ። አራታችን አብረን ገባን። አባዬ ማብሪያውን ተጫነው። ቀጥ! እንደ ወተት ነጭ። ቆመን ጠበቅነው፣ አንዴም አልተርገበገበም።

«ማነው?» አለ አባዬ።

«እኔ!» አልን። ሦስታችንም። አንድ ላይ።

አባዬ ሦስታችንንም በየተራ ተመለከተን። «እኔኮ ልጆቼ ለሟቹ እያዘኑ መስሎኝ ነበር» አለ።

ከዚያማ ተንጫጫን። ደረሰ «ስታርተሩ ነው፣ መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ፤ እናንተ የዳነውን ነው የነካካችሁት!» ይላል። ውቤ «ዝገቱን በዓይኔ አይቻለሁ፣ አንተ ምን አየህ? አዲስ ዕቃ ገዛህ እንጂ!» ትላለች። እኔ «የላላውን ሽቦ በእጄ ነው የያዝኩት! ሽቦው እንደዚያ ላልቶ እንዴት ቀጥ ብሎ ይበራል?» እላለሁ። «ቀላል ነው» አልኩ በመጨረሻ፣ «አንድ በአንድ እንፍታውና እንየው።»

«የዳነን በሽተኛ ማን እንዳዳነው ለማወቅ መልሰህ ልታሳምመው ነው?» አለ አባዬ። «ማንም እንዳይነካው።»

ጋሽ ጥላዬ መብራቱን ከውጭ አይተው መጥተው ኖሯል፣ በሩ ላይ ቆመው ሰምተውናል። «እኔ እምለው» አሉ ቀስ ብለው፣ «በጨለማ ገብቶ ሕመሙ የት ጋ እንደሆነ ያወቀ ሰው፣ ሕመሙን ያስቀመጠውም እሱ እንዳይሆን።»

ሚሌ፣ ነገሩ ተገለበጠ። ቅድም «እኔ፣ እኔ» ሲል የነበረው ሁሉ ወደኋላ አፈገፈገ። ደረሰ «ስታርተር እኮ በራሱ ነው የሚያረጀው» አለ፣ እንደዋዛ። ውቤ «እኔ ጠረግኩ እንጂ ሌላ ምን አደረግኩ» አለች። ያዳንኩት እኔ ነኝ ካልክ፣ ያበላሸኸውም አንተ ነህ ልትባል ነው። አላዳንኩትም ካልክ ደግሞ ቁልፉ አመለጠህ። ገባህ?

እኔ ግን ጨስኩ። «ጋሽ ጥላዬ፣ ለሽንፈትዎ ማሳበቢያ ሲያጡ ወደ እኛ ነው የሚዞሩት?» አልኳቸው። ለሳቸው ብዬ ጠረጴዛውን የሙጥኝ ያልኩት እኔ! አባዬ «ናሁሰናይ!» አለኝ። ሙሉ ስሜን ሲጠራ ታውቀዋለህ። ጋሽ ጥላዬ ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ።

አባዬ ቁልፉን አወጣና ጠረጴዛው ላይ፣ እንጨቶቹ የሚቆሙበት መሀል ላይ አስቀመጠው። «እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እትዬ አልጋነሽ ያለችውን እፈጽማለሁ። ወደ እኔ እንዳትመጡ» አለ።

አሁን ብቻዬን ነኝ፣ እዚሁ ቤት። ቁልፉ እንደተቀመጠ ነው፣ ማንም አላነሳውም። ፍሎረሰንቱ ቀጥ ብሎ በርቷል። መሰላሉ አጠገቤ ነው። ናስትሮውን ፈትቼ ያንን ሽቦ ትንሽ ላላ ባደርገው ይለይልኛል፤ ከተርገበገበ የኔ እጅ ነው ያዳነው። ግን ልክ በዚያች ሰዓት ደረሰና ውቤ ቢገቡስ? እኔ መሰላል ላይ፣ እጄ ሽቦው ላይ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም። «ይሄው! እሱ ነበር!» ነው የሚሉት። ጋሽ ጥላዬማ ድሮውንም ፈርደውብኛል። ስለዚህ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆሜያለሁ፤ አናደደኝ፣ በጣም ነው ያናደደኝ።

ደረሰና ውቤም የየራሳቸውን ቮይስ ይልኩላችኋል፤ ስሟቸው፣ አልከለክልም። እኔ የነሱንም ሳላጎድል ነግሬያችኋለሁ። እትዬ አልጋነሽ፣ በሞቴ፣ ይፍረዱ። አንዱ ምንም ሳያይ ቀድሞ ደርሶ አዲሱን ተከለ። አንዷ ዝገቱን አይታ አጸዳች። አንዱ የላላውን አግኝቶ አጠበቀ። መብራቱ የዳነው አንዴ ነው፣ ቁልፉም አንድ ነው። ሦስታችንም ከለቅሶ ሾልከን ወጥተናል፣ ሦስታችንም ማስረጃውን ጥለናል፣ ሦስታችንም ተጠርጥረናል።

ታዲያ ቁልፉ የሚገባው ለማነው?