የጠጂቱ ጉድጓድ

ተረት ተረት!

የላም በረት!

ምነው ድምፃችሁ ሰለለ? እራት አልበላችሁም? በሉ ተጠጉ። የዛሬው ተረት አንገቷን ስላልደፋች ሴት ነውና ቀና ብላችሁ ስሙ።

በድሮ ዘመን ጠጂቱ የምትባል ባል የሞተባት ሴት ነበረች። ከወንዝ ዳር አንዲት የሽንኩርት መደብ ነበረቻትና እሷን እያለማች ትኖር ነበር። በዚያ አገር የመስኖውን ውሃ በተራ የሚያካፍል የውሃ አባት ይሾማል። ያን ጊዜ የተሾመው አያ ቢራራ ነበር። ደንቡም ሁለት በጋ ጦሙን ያደረ መደብ ለውሃ አባት ይሁን ይላል። አያ ቢራራ የጠጂቱን መደብ ተመኘ። ከዚያም ተራዋ ሲደርስ ውሃውን ወደ ሌላ ይመልስባት ጀመር። አንዱ በጋ እንዲህ አለፈና መደቧ ጦሟን አደረች።

ጠጂቱም ሄደችና፦ «አያ ቢራራ፣ ውሃዬን ልቀቅልኝ» አለችው።

እሱም፦ «ወንዙ በእኔ እጅ ነው። ምን ታመጫለሽ?» አላት።

እሷም፦ «ወንዙስ በእጅህ ይሁን፤ በሰማዩ ላይ ማን ሾመህ?» ብላው ሄደች። እሰይ የኔ ልጅ!

ከመደቧ በላይ ሰፊ አለት ነበር። ክረምት ሲመጣ ዝናቡ በዚያ ላይ ይወርዳል። ጠጂቱ ከአለቱ ሥር ጉድጓድ ቆፈረችና ቦይ አወጣችለት። ዘነበ፤ ጉድጓዱም ሞላ። በማግስቱ ብታየው ጠብታ የለም! መሬቱ ጠጥቶታል። ጎረቤቶቿም፦ «ጠጂቱ በወንፊት ውሃ ቀዳች» እያሉ ሳቁባት።

እሷም፦ «ሳቁ! ለጤፍ መሬቱ በከብት ይረገጥ የለ? ጉድጓድም ይረገጣል» አለች። የሸክላ አፈር አቡክታ ለቀለቀችውና ፍየሎቿን አስገብታ እስኪጠጥር አስረገጠችው። እንደገና ዘነበ። ውሃውም ቆመ።

በጋ ሲገባ የሸምበቆ አንጓ ወግታ፣ ጎኑን በጋለ ወስፌ በስታ፣ ከጉድጓዱ ግርጌ እስከ መደቧ ዘረጋችው። ውሃው በየሽንኩርቱ ሥር ጠብ ጠብ አለ። ውርጭ እንዳይመታውም ዳስ ጣለችና ማታ በሰሌን ትከድነው፣ ጠዋት ለፀሐይ ትገልጠው ጀመር። እንዴት ያለ ሽንኩርት መሰላችሁ!

በጋው ሊያልቅ ሲል አያ ቢራራ መሬቷን ሊረከብ ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። አገሬውም ሊያይ ተከተለው። አያ ቢራራ ልምላሜውን ሲያይ ደነገጠና፦ «ውሃ ሰርቃኛለች!» አለ። ሽማግሌዎቹ ሸምበቆውን ተከትለው ወጡና ጉድጓዱን አገኙ።

፦ «የዝናብ ውሃ ነው» አሉት።

፦ «ዝናቡስ ቢሆን ወደ ወንዜ አልነበር የሚወርደው? የእኔ ነው!» አለ።

ጠጂቱ መቀነቷን ጠበቅ አደረገችና፦ «ዝናቡ ያንተ ነው? እንግዲያው ጎርፍ የወሰደውን በሬዬን መልስልኝ!» አለች።

ይህን ጊዜ አንዷ ጎረቤት፦ «በረዶ ያወደመውን ስንዴዬንም!» አለች። ሌላው፦ «መብረቅ የገደላትን ላሜንም!» አለ። አገር ምድሩ ተነሣበት።

አያ ቢራራን ላብ አጠመቀውና፦ «ኧረ ዝናቡ የእግዜር ነው!» አለ።

፦ «እንግዲያስ ከእግዜር ጋር ተሟገት። እኔ ሽንኩርቴን ላጠጣ» አለችና ጀርባዋን ሰጥታው የሸምበቆውን ውታፍ ነቀለች።

በሉ፣ ተረቴን መልሱ፤ አፌን በዳቦ አብሱ። ቆሎ ይዤ መጣሁ የሚል ግን እንዳይጠጋኝ፤ ጥርሴን ታውቁታላችሁ!