የሚያፏጨው መኪናና ባለ ጆሮው አህያ

ቁጭ በሉና ስሙ። ሁለቴ አልናገርም።

ድሮ፣ ብረትም እንስሳም አፍ በነበራቸው ጊዜ፣ አያ ደምለው የሚባል ሽንኩርት አምራች ነበረ። አንድ አሮጌ የጭነት መኪናና አንድ አህያ ነበሩት። መኪናው ሲነሣ ያፏጫል፤ ቆሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፤ ዳገት ሲያይ ይጠፋል። ዘይትም ይጠጣል። ደምለው ጠዋት ጠዋት ዘይት ሲሞላለት እስከ አፉ ነው። በአገሩ ለእንግዳ አጉድሎ መቅዳት ነውር ነውና ለመኪናውም አላጎደለም።

አንድ ሐሙስ ደምለው ተቆጣ።

«ቅዳሜ ይህን ሽንኩርት ዳገቱን ካላወጣህልኝ ለቁራሌው ነው የምሸጥህ! ቆራርጦ ድስት ያድርግህ!»

ሚስቱ ይመኙሻል «ሽንኩርቱንስ ማን ይሸከመዋል?» አለች።

«አህያው አለ አይደል?»

አህያው ይህን ሰማ። ድርቆሹን ትቶ ተነሣ። ሽንኩርቱ ሠላሳ ጆንያ ነው! ወዲያው ዶሮዋንና ውሻውን ጠራ።

«መኪናውን እናድነው» አላቸው።

«እኔ ምን ቸገረኝ? ጆንያ አይጭኑብኝ» አለች ዶሮዋ።

«ጭልፊት ሲመጣ ታዲያ ማን ሥር ልትገቢ ነው?»

ዶሮዋ ተነሣች። ውሻውም ቀትር ላይ የሚተኛው በመኪናው ጥላ ውስጥ ነውና ተከተለ።

ደምለው ያስነሣው መኪና ቆሞ እያፏጨ ነበር። ዶሮዋ ሥሩ ገብታ መሬቱን ጫረች። «ደረቅ ነው። ዘይቱ አይፈስም» አለች።

ውሻው የጭስ ማውጫውን አሸተተ። ሦስት ጊዜ አስነጠሰው። «ጭሱ ሰማያዊ ነው፤ ዘይት ዘይት ይሸታል። ሆዱ ውስጥ እያቃጠለው ነው» አለ።

አህያው ጆሮውን ኮፈኑ ላይ ለጠፈ። አዳመጠ። አሁንም አዳመጠ። «ፉጨቱ ከዚህ ጎን ነው፤ አየር ከሚያስገባው የጎማ ቱቦ» አለ።

ሞተሩ አፈረ። «በአፌ የምስበውን አየር አውቀዋለሁ፤ በጎኔ የሚገባብኝን ግን አላወቅሁም» አለ።

ሦስቱም ደምለው ዘንድ ሄዱ።

«ጌታዬ፣ ቱቦው ተሰንጥቋል» አለ አህያው።

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መካኒክ የሆንከው?»

«ሠላሳ ጆንያ የሚጠብቀው ጆሮው ይከፈታል።»

ይመኙሻል ሳቀች። እርጥብ ጨርቅ አምጥታ ቱቦው ላይ ጠቀለለች። ፉጨቱ ጸጥ አለ። መንቀጥቀጡም ቆመ።

«እህ» አለ ደምለው። ቀጠለና «የዘይቱስ ነገር?» አለ።

ያን ጊዜ ከሞተሩ ጎን ቀጭን ድምፅ ተሰማ። የዘይት መለኪያው ዘንግ ነበር።

«መኪናውን ከገዛህ ጀምሮ አንድ ቀን መዘህ አይተኸኛል? ሁለት መስመር አለብኝ። ከታችኛው አታጉድል፤ ከላይኛው አታሳልፍ። አንተ እስከ አፉ ትሞላለህ፤ እሱ ትርፉን ያቃጥላል፤ አንተ ደግሞ ጎደለ ብለህ ትጨምራለህ።»

«አጉድሎ መቅዳት ነውር ነው።»

«ለእንግዳ ነው ነውሩ። እንግዳ በቃኝ ሲል ትሰማዋለህ።»

«እኔም በቃኝ ብያለሁ» አለ ሞተሩ፤ «በጭስ።»

ደምለው ሞተሩን አጠፋ። ዘንጉን መዘዘ፣ ጠረገ፣ አየ። ትርፉን ዘይት በቆርቆሮ ቀነሰ። ዓርብ ከተማ ወርዶ አዲስ ቱቦ ገዝቶ አሰረ።

ቅዳሜ መኪናው ሠላሳውን ጆንያ ጭኖ ዳገቱን ያዘ። አልበረረም። ዘይትም ጨርሶ አልተወም፤ አሮጌ ሞተር ትንሽ መቅመሱ አይቀርም። ግን አልጠፋም። አህያው ከታች ቆሞ፣ መኪናው ጫፉ ላይ ደርሶ እስኪሰወር አየና ወደ ሣሩ ተመለሰ።

እናንተም የታመመባችሁን ከመሸጣችሁ በፊት የት እንደሚያመው ጠይቁ። ሳይለኩ መሙላት፣ እሳትን ማብላት።