ካርታው ሐይቅ ያለው ግቢ

ቤታችሁ ደረቅ መሬት ላይ መሆኑን ማን አረጋገጠላችሁ?

ከአንዲት ምላሰኛ ሸክላ ሠሪ ደጃፍ የመሬት አስተዳደር ኃላፊው ጠባቂዎቹን አስከትሎ መጣ። ከሳተላይት የተሠራውን አዲስ ካርታ ዘርግቶ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ቤትሽ ሐይቅ መሃል ነው። ሐይቁ ለዓሣ አርቢ ስለተሰጠ ዛሬውኑ ውጪ!» አላት።

«ኧረ ጌታዬ፣ ግቢዬ አቧራ ነው!»

«ካርታው አይሳሳትም!»

«እንግዲያው እወጣለሁ። ብቻ ጀልባ ይላኩልኝ፤ ዋና አልችልም። እርስዎም አፍዎን ይግጠሙ፣ ውሃ ይገባብዎታል።»

ጎረቤቱ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ኃላፊው አቧራ ላይ ጀልባ ማዘዝ አሳፍሮት በእጁ የያዘውን የማስወጫ ትእዛዝ ቀደደ፤ በማግስቱም ይቅር እንድትለው ሽማግሌ ላከባት።

ሽማግሌዎቹን ተቀብላ አስቀመጠቻቸው። «ለእሱም፣ ለካርታ ሠሪውም፣ እስክመልስለት ድረስ ዝም ላሉት ጎረቤቶቼም» አለች፣ «ለማንም ይቅርታ አላደርግም።»