የትርንጎ ጆሮ የማን ነው?

አንድ ቀን ጣሰው የሚባል ዳቦ ጋጋሪ ከባለቤቱ ከየውብዳር ጋር ሆኖ ፍርድ ቤት ቀረበ። ባልና ሚስቱ ልጅ አልወለዱም። ጎረቤታቸው የነበረች ሴት ዘመድ አልባ ሆና ስትሞት ትንሿን ልጇን ትርንጎን ወስደው እቤታቸው አኖሯት። ልጅቷም ውላ አድራ «አባዬ»፣ «እማዬ» ትላቸው ጀመር። ይሁን እንጂ ፍርድ ቤት ጉዲፈቻውን ካላጸደቀላቸው ትርንጎ ራቅ ወዳለ ከተማ፣ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ እንደምትላክ ተነገራቸው። ይህን ከሰማች ወዲህ የውብዳር እህል አልወርድላት ብሏል።

ችሎቱን የያዙት ዳኛ ልሳነወርቅ ይባላሉ። ሕግ ያውቃሉ። ችግሩ፣ ሕጉ የማያውቀውንም ያውቃሉ።

«ጉዲፈቻ አድራጊ ዕድሜው ከሃያ አምስት ማነስ የለበትም» አሉ ዳኛው በመነጽራቸው አናት እያዩት። «አንተ ደርሰሃል?»

ጣሰው ኮፍያውን አውልቆ መላጣውን አሳያቸው። «ክቡር ዳኛ፣ እኔስ ደርሼ እየተመለስኩ ነው።»

«ባለቤትህስ ተስማምታለች?»

«እኔን ለማግባት ነው ያቅማማችው። ለልጅቷስ ወዲያው እሺ ብላለች።»

የውብዳር ከጎኑ ሆና «እውነቱን ነው» አለች።

«መተዳደሪያህ?»

«ዳቦ ቤት አለኝ።»

«በወንጀል ተከሰህ ታውቃለህ?»

«ዳቦህ አነሰ ከሚሉኝ በቀር የከሰሰኝ የለም።»

ሁሉም ተሟላ። የትርንጎን እጅ ይዛ የቆመችው የውብዳር እፎይ ልትል ስትል ዳኛው እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ፣ አንድ ነገር ይቀራል። ልጅ ማለት አባቱን የሚመስል ነው። ይህች ልጅ ደግሞ አንዳችሁንም አትመስልም። ነገ ሰው መንገድ ላይ አይቷችሁ የማን ናት ቢል ምን ልትሉ ነው?»

ጣሰው ግራ ገባው። «ይሄ ደግሞ ሕጉ ላይ አለ?»

«ሕጉ ላይ ባይኖር ተፈጥሮ ላይ አለ» አሉ ዳኛው።

ይህን ብለው ጣሰውንና ትርንጎን ጎን ለጎን አቆሟቸው። ወደ ግራ ዙሩ አሏቸው፤ ዞሩ። ወደ ቀኝ አሏቸው፤ ዞሩ። ትርንጎ ጨዋታ መስሏት እየሳቀች መሽከርከር ጀመረች። ዳኛው ግን አልሳቁም፤ በሩ ላይ የቆመውን ፖሊስ ጠሩት።

«አንተ ዓይንህ ደህና ነው። ጆሮ አይዋሽም ይባላል። የልጅቷን ጆሮ እያስተያየህ ማንን እንደምትመስል ንገረን።»

ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ የትርንጎን ጆሮ መረመረ። የጣሰውን አየ። ዞሮ የየውብዳርን አየ። ቀና ሲል ዓይኑ ዳኛው ላይ አረፈና እዚያው ቀረ።

«ተናገር እንጂ» አሉት።

«ክቡር ዳኛ፣ እውነቱን ከሆነ የሚፈልጉት… እርስዎን ነው የምትመስለው።»

ችሎት የተቀመጠው ሰው ገሚሱ በነጠላው፣ ገሚሱ በመዳፉ አፉን ሸፈነ። ዳኛው ሳያስቡት እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ሰደዱ፤ ወዲያው ደግሞ ጠረጴዛው ላይ መለሱት። ፖሊሱን ወደ በሩ አባረሩና ንዴታቸውን ጣሰው ላይ አወጡት።

«የሱን ተወው። አንተ ራስህ መልስ። ይህች ልጅ ምንህን ነው የምትመስለው? ጆሮህን ነው? አፍንጫህን ነው? አንድ እንኳ የምታሳየኝ ከሌለ አቤቱታህን ውድቅ አድርጌ ልጅቷን ወደ ማሳደጊያው እልካለሁ።»

የውብዳር የትርንጎን እጅ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። እስካሁን ሲቀልድ የነበረው ጣሰውም ፊቱ ተለዋወጠ። ልጅቷን ቁልቁል አያት፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ክቡር ዳኛ» አለ፣ «ለእርስዎ አንዴ ጆሮ፣ አንዴ አፍንጫ ትመስልዎታለች። ለእኔ ግን ልጄ ትመስለኛለች።»

ዳኛ ልሳነወርቅ ብዕራቸውን አነሱ፤ ጉዲፈቻውን አጽድቀው ቀጣዩን ባለጉዳይ አስጠሩ።